ቡዲ ወርነር፡ ከመጀመሪያው ናዳ ያመለጠው ኮከብ

ቀኑ እሁድ ነው፤ እ.ኤ.አ ኤፕሪል 12 ቀን 1964። ቦታው ስዊዘርላንድ፣ ሴንት ሞሪትዝ ከተማ አጠገብ ያለው ትራይስ ፍሉርስ ተራራ። ካሜራዎች ተደቅነዋል። ለፊልም ስራ የተሰባሰቡ ወጣት የስኪ ኮከቦች ነጩን ቁልቁለት ይዘው እየወረዱ ነው። ከመካከላቸው አንዱ የ28 ዓመቱ አሜሪካዊ ቡዲ ወርነር ነው። ውድድር ካቆመ ገና ሳምንታት ብቻ አልፈውታል። የቀረው ይህን ፊልም ጨርሶ ወደ አገሩ መመለስ ነበር።

ተራራው ግን ተነቃነቀ። የበረዶ ናዳ! ወርነር በአውሮፓውያን ፊት ስሙን ያስጠራበትን ፍጥነት ተጠቅሞ ወደ ታች ተፈተለከ፤ ናዳውንም ቀደመው። በቃ ተረፈ ሲባል ሌላ ናዳ ወርዶ ያዘው። ሁለተኛውን ማምለጥ አልቻለም።

የእግር ኳስ ገፅ ላይ ስኪ ምን ይሰራል የምትሉ አንባቢዎች እንደምትኖሩ እናውቃለን። እውነት ነው፣ እኛ አገር በረዶ ሲባል ትዝ የሚለን ሐምሌ ላይ የቤታችንን ቆርቆሮ የሚቀጠቅጠው ነው። ይህን የሚፅፈው ሰውም ከዚያ ሌላ በረዶ በአይኑ አላየም። ይሁን እንጂ ስኪ ለእኛ ጨርሶ ባዕድ አይደለም። ሮቤል ተክለማሪያም እ.ኤ.አ በ2006 ቱሪን ላይ የአገራችንን ባንዲራ ይዞ በክረምት ኦሊምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። የፎርሙላ ዋን አፍቃሪዎች ደግሞ ሚካኤል ሹማከር እ.ኤ.አ በዲሴምበር 2013 የደረሰበትን ታስታውሳላችሁ። በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ኖሮ ጭንቅላቱን የተጎዳው ፈረንሳይ ውስጥ በስኪ ከተስተካከለው መንገድ ጥቂት ወጣ ብሎ ሲንሸራተት ነው። ከመንገድ ወጣ ማለት! የወርነር ታሪክም እዚያው ላይ ነው የሚያርፈው።

ዋላስ ወርነር እ.ኤ.አ ፌብሯሪ 26 ቀን 1936 ኮሎራዶ ውስጥ ስቲምቦት ስፕሪንግስ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ቡዲ የቅፅል ስሙ ነው። ስቲምቦት በሮኪ ተራሮች መካከል ያለች የከብት አርቢዎች አገር ናት። በ1910ዎቹ ካርል ሃውልሰን የሚባል ኖርዌያዊ ወደዚያ መጥቶ ለከተማው ሰው በስኪ መዝለልን አስተማረ። በስሙ የተጠራው ኮረብታ ከከተማዋ አፍንጫ ስር ነው። እኛ ሰፈር ልጅ ትምህርት ቤት ሲለቀቅ ኳስ ይዞ ሜዳ እንደሚሮጠው ሁሉ የስቲምቦት ልጅ ደግሞ ስኪውን ተሸክሞ ወደ ኮረብታው ይሮጣል።

የወርነር ቤት ሙሉ የስኪ ቡድን ነበር ማለት ይቻላል። ታላቅ እህቱ ግላዲስ፣ ስኪተር እያሉ የሚጠሯት፣ እ.ኤ.አ በ1956 ከእሱ ጋር ለኦሊምፒክ ተመርጣለች። ታናሽ ወንድሙ ሎሪስም እ.ኤ.አ በ1968 ኦሊምፒያን ሆኗል። ከአንድ ቤት ሶስት! እኛ የዲባባን ቤተሰብ እንደምናነሳው ኮሎራዶዎችም የወርነርን ቤት ያነሳሉ።

ቡዲ ገና 20 ዓመት ሳይሞላው፣ እ.ኤ.አ በ1954፣ ኖርዌይ ሆልመንኮለን ሄዶ የቁልቁለት ውድድር አሸነፈ። በዚያን ጊዜ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። የአልፓይን ስኪ ማለት የኦስትሪያ፣ የስዊዘርላንድና የፈረንሳይ ርስት ነበር። አሜሪካዊ ወንድ ከመጣ ለመሳተፍ እንጂ ለማሸነፍ መጣ ብሎ የሚፈራው የለም። ወርነር ይህን ንቀት ነው የሰበረው። እ.ኤ.አ በ1959 ኦስትሪያ ኪትዝቡል ላይ የሃነንካምን የቁልቁለት ውድድር ሲያሸንፍ ይህን ያደረገ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ሆነ። ለማያውቁት፣ ሃነንካም በስኪ ዓለም ሰው የሚፈራው ውድድር ነው። ከሶስት ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም፣ አንዳንዱ ቦታ ላይ ቁልቁለት ሳይሆን ግድግዳ የሚመስል መንገድ ነው። ባለሜዳዎቹን በገዛ ሜዳቸው፣ በገዛ ደጋፊያቸው ፊት ማሸነፍ ማለት ነው።

አጨዋወቱ፣ ይቅርታ፣ አወዳደሩ እንዴት ነበር ካላችሁ፣ መሃል ቤት የሚባል ነገር አያውቅም። ወይ አንደኛ ይወጣል ወይ ይወድቃል። ተጠንቅቆ አራተኛ መውጣት ለእሱ ጨዋታ አልነበረም። በዚህ የተነሳ የወደቀባቸው ውድድሮች ካሸነፋቸው ጋር እኩል ይወሩለታል። እ.ኤ.አ በ1956 በኮርቲና ኦሊምፒክ የቁልቁለት ውድድር ላይ ወድቆ ተነስቶ 11ኛ ወጥቷል። ልብ በሉ፣ ወድቆ ነው 11ኛ የወጣው።

ቀጣዩ ኦሊምፒክ የእሱ እንደሚሆን ብዙዎች ጠብቀው ነበር። እ.ኤ.አ የ1960 የክረምት ኦሊምፒክ አዘጋጅ አሜሪካ ናት፣ ካሊፎርኒያ ስኳው ቫሊ። በአገሩ፣ በህዝቡ ፊት፣ በ24ኛ ዓመቱ፣ በሙሉ ብቃቱ ላይ ሆኖ። ታዲያ ምን ይሆናል? ውድድሩ ሊጀመር ሁለት ወር ገደማ ሲቀረው፣ በዲሴምበር 1959 አስፐን ላይ ልምምድ ሲሰራ እግሩ ተሰበረ። ማርኮ ሮይስ እ.ኤ.አ በ2014 ከዓለም ዋንጫው ዋዜማ ተጎድቶ ጀርመን ያለ እሱ ዋንጫ ስታነሳ የተሰማውን አስቡት። ወርነርም በዚያ ዓመት የአገሩን ኦሊምፒክ በተመልካችነት አሳለፈ። በዚያው ዓመት ነው የእኛው አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮምን ያስደነቃት።

በስኳው ቫሊ አንዲት ጀርመናዊት ኮረዳ በስላሎም የነሐስ ሜዳሊያ ወሰደች። ባርቢ ሄነበርገር ትባላለች። ስሟን ያዙልን፣ እንመለስባታለን።

ወርነር አገግሞ ተመለሰ። እ.ኤ.አ በ1964 ኢንስብሩክ ኦሊምፒክ ላይ ሲደርስ 28 ዓመት ሊሞላው ሳምንታት ቀርተውት ነበር፤ በዚያን ዘመን ስኪ ለዚህ እድሜ ሽማግሌ ይባላል። በቁልቁለት 17ኛ ወጣ። በስላሎም 8ኛ። ሜዳሊያ የለም። ነገር ግን በዚያው የስላሎም ውድድር ቢሊ ኪድ ብር፣ ጂሚ ሁጋ ነሐስ ወሰዱ። በአልፓይን ስኪ ታሪክ ለአሜሪካ ወንዶች የመጀመሪያዎቹ የኦሊምፒክ ሜዳሊያዎች ናቸው። ሁለቱም ልጆች ወርነርን ሲያዩ ያደጉ፣ በቡድኑ ውስጥም እንደ ታላቅ ወንድም የሚያዩት ነበሩ። አውሮፓውያን ይሸነፋሉ ብሎ ያሳያቸው እሱ ነው። በሩን የከፈተ አንዱ፣ የገቡት ሌሎች። እግር ኳስም ላይ እንዲህ ያለ ካፒቴን አይተናል፣ ዋንጫው ሲነሳ ግን እሱ የለም።

ስለ ኢንስብሩክ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። በዚያ ክረምት በረዶ ጠፋ! ኦሊምፒክ ደርሷል፣ ተራራው ግን ባዶ ነው። የኦስትሪያ ጦር ሰራዊት ከላይኛው ተራራ በረዶ እያጓጓዘ፣ በእግር እየረገጠ መወዳደሪያውን ሰራው። የስኪ መወዳደሪያ ማለት በእርግጥ ይህ ነው። ሰው የረገጠው፣ የጠቀጠቀው፣ አጥር ያጠረለት፣ ዳኛ የቆመበት በረዶ። ወርነር ህይወቱን በሙሉ የሮጠው በእንደዚህ አይነት በረዶ ላይ ነው። ሰው ያልረገጠው በረዶ ሌላ ፍጥረት ነው።

ምን ማለታችን እንደሆነ እናስረዳ። በረዶ በአንድ ቀን የሚወርድ አይደለም። ክረምቱን ሙሉ እየተደራረበ ነው የሚቆየው፣ ልክ እንደ ድርብርብ ኬክ። አንዱ ንብርብር ጠንካራ ነው፣ ሌላው እንደ ስኳር የሚፈረከረክ። አሁን ከላይ ከባድ የበረዶ ወጀብ ይመጣና ሌላ ግማሽ ሜትር ይጭንበታል። ነፋሱ ደግሞ ከተራራው ከአንዱ ጎን ጠርጎ በሌላው ጎን ይከምረዋል፤ ከሰማይ ከወረደው በላይ። የላይኛው ይጠነክርና ሰሌዳ ይሆናል። ሰሌዳው ስኳር ላይ ተጋድሟል ማለት ነው። ከዚያ አንድ ሰው በስኪ ያልፍበታል። ስኳሩ ከስር ክው ይላል፣ ሰሌዳው ይሰነጠቃል፣ ተራራው በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ደረቁ ናዳ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መብረር ይችላል። ሲቆም ደግሞ እንደ ሲሚንቶ ይጨብጣል። ከስር ያለ ሰው ጣቱን እንኳ ማንቀሳቀስ አይችልም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ናዳ ከላይ ድንገት መጥቶ ሰው ላይ የሚወድቅ ይመስለዋል። በስኪ ተንሸራታቾች ላይ ከሚደርሰው ገዳይ ናዳ ከ10 ዘጠኙን የሚያስነሳው ግን ራሱ ሟቹ ወይም አብሮት ያለ ሰው ነው። ኳሷን ራሳቸው ወደ ራሳቸው ግብ ነው የሚመቷት። የሚያሳዝነው ደግሞ ከወጀቡ ማግስት ያለው ቀን መሆኑ ነው። ሰማዩ ጠርቷል፣ ፀሐይ ወጥቷል፣ በረዶው እንደ ጥጥ ሆኗል። ለስኪ ከዚያ የሚያምር ቀን የለም። ተራራው አዲሱን ጭነት ገና ያልለመደበት፣ ከሁሉ የሚከፋው ቀንም እሱ ነው። በፀደይ ሲሆን የፀሐዩ ሙቀት ይጨመርበታል፤ ጠዋት የቆመ በረዶ ከሰዓት በኋላ ላይቆም ይችላል።

ወደ ሴንት ሞሪትዝ እንመለስ። ፊልሙን የሚሰራው የ22 ዓመቱ ጀርመናዊ ቪሊ ቦግነር ነው። የሙኒኩ የታወቀው የስኪ ልብስ ፋብሪካ ባለቤት ልጅ ነው፣ እሱ ራሱም በ1960 ኦሊምፒክ የተወዳደረ ስኪተኛ። የፊልሙ ስም ስኪ ፋስሲናሲዮን ይባላል። ቦግነር የሚያውቃቸውን ኮከቦች ሰብስቦ ነው የመጣው፤ ከእነሱ መካከል ወርነርና ባርቢ ሄነበርገር አሉ። ባርቢ 23 ዓመቷ ነው፣ ከቦግነር ጋር ፍቅር ላይ ነበረች።

የናዳ ማስጠንቀቂያ ወጥቶ ነበር። ስዊዞች በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም። ዳቮስ ላይ ያለው የበረዶና የናዳ ምርምር ተቋማቸው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ጀምሮ የናዳ መግለጫ ለህዝብ ሲያወጣ ኖሯል። ይሁን እንጂ ቡድኑ ወረደ። ናዳው ወርዶ ሲመጣ ሁሉም ለህይወቱ ሸሸ። ወርነርና ባርቢ ግን በረዶው ስር ቀሩ።

እዚህ ላይ የሁለተኛውን ናዳ ነገር ቆም ብላችሁ እዩልን። ወርነር የመጀመሪያውን ቀድሞታል ብለናል። በምድር ላይ ይህን ማድረግ ከሚችሉ ጥቂት እግሮች የእሱ አንዱ ነበር። ግን ተራራው አንድ ተከላካይ ብቻ አይደለም ያለው። በአንድ ሸለቆ ውስጥ ያሉ ገደላገደሎች የሚሸከሙት ያንኑ ወጀብ፣ ያንኑ ፀሐይ፣ ያንኑ ደካማ ንብርብር ነው። አንዱ ከተናደ ሌላውም ለመናድ ተዘጋጅቷል ማለት ነው። ከታች ጠባብ ቦታ ላይ የደረሰ ሰው ደግሞ ግራ ቀኙ ግድግዳ ነው፣ የሚሄድበት የለውም። ፍጥነት የሚጠቅመው እስከዚያ ድረስ ብቻ ነው።

የዛሬ ስኪተኛ በዚያ ቁልቁለት ላይ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር? አንደኛ ነገር፣ ጠዋት ከአልጋው ሲነሳ የናዳውን መግለጫ ያያል። አውሮፓ ከ1993 ጀምሮ ባለ አምስት ደረጃ መለኪያ አላት። ሰው በብዛት የሚሞተው አምስተኛው ላይ አይደለም፤ ያን ጊዜማ ሁሉም ቤቱ ይቀመጣል። ሶስተኛው ላይ ነው፣ መሃል ያለ ስለሚመስል። ከዚያ የቁልቁለቱን ዘንበል ማለት ይለካል። ናዳ በብዛት የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ላይ ነው። ስኪ የሚያምረውም እዚያው ላይ መሆኑ ነው ችግሩ! ከወጀብ በኋላ ባለው አንድና ሁለት ቀን አዋቂዎቹ ለስለስ ያለውን፣ ከላዩም ገደል የሌለበትን ቁልቁለት ይመርጣሉ። በረዶው ከእግር ስር ውምፍ የሚል ድምፅ ካሰማ፣ ከስኪው ፊት ስንጥቅ ከሮጠ፣ ጎረቤት ተራራ ላይ አዲስ ናዳ ከታየ ጨዋታው አለቀ፤ ይመለሳሉ። አደገኛ ቦታ ማለፍ ግዴታ ከሆነ አንድ በአንድ ነው፣ የቀሩት ከአስተማማኝ ቦታ ሆነው ይጠብቃሉ። ሌላው ሰው አልፎበታልና እኔም ላልፍ የሚባል ነገር የለም። አምስት ሰው ያለፈበት ስድስተኛው ላይ ይናዳል፤ ደካማዋን ነጥብ የረገጣት እሱ ነዋ።

ሌላው መሣሪያ ነው። ዛሬ ከመንገድ ወጥቶ የሚንሸራተት ሰው ደረቱ ላይ ምልክት የሚልክና የሚቀበል መሣሪያ ያስራል፣ በረዶ የሚወጋበት ረጅም ተጣጣፊ ዘንግና አካፋ ደግሞ በቦርሳው ይይዛል። የተቀበረ ሰው 10 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ከወጣ ከ10 ዘጠኙ ይተርፋሉ። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ የሚተርፈው ከሶስት አንዱ ገደማ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ከእግር ኳስ እረፍት ያንሳል! እርዳታ እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው የለም፤ የሚያወጣህ አጠገብህ ያለው ጓደኛህ ነው። ወርነርና ባርቢ በተቀበሩ ጊዜ ይህ መሣሪያ አልነበረም። ጆን ላውተን የሚባል ኢንጂነር ስካዲ ብሎ የሰየመውን የመጀመሪያውን አሜሪካ ውስጥ የሰራው እ.ኤ.አ በ1968 ነው። ከአራት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ጉዳዩ በሞት ብቻ አላበቃም። ቦግነር በቸልተኝነት ሰው በመግደል ተከሶ ስዊዘርላንድ ፍርድ ቤት ቆመ። ጥፋተኛ ተባለ፣ የሁለት ወር እስራት በገደብ ተፈረደበት። ቅጣቱ አነሰ የሚሉ ይኖራሉ። ልጁ ያጣት የገዛ ፍቅረኛውን ነው፣ ይህንንም መርሳት አይገባም። ለእኛ የሚታየን ግን ሌላ ነው። እዚያ ተራራ ላይ የነበሩት ሰዎች ሁሉ አዋቂዎች ነበሩ። በስኪ ከእነሱ የሚሻል በአካባቢው አልነበረም። ማስጠንቀቂያውን አይቶ እንመለስ ማለት የነበረበት ታዲያ ማነው? ቡድን ሰብስቦ ያመጣው፣ ወይስ የ28 ዓመቱ ካፒቴን? ፍርድ ቤቱ ሰብሳቢውን ብሏል፤ እኛም አምጪው ኃላፊነት አለበት በሚለው እንስማማለን። ግን ኮከቦች አንድ ላይ ሲሆኑ እያንዳንዱ ሌላው ያውቃል ብሎ ዝም እንደሚል ማንም ቡድን ውስጥ የተጫወተ ሰው ያውቀዋል።

ቦግነር ከዚያ በኋላ ካሜራውን አልጣለም። የጄምስ ቦንድ ፊልሞችን የስኪ ትዕይንት ያነሳው እሱ ነው። እ.ኤ.አ በ1969 በወጣው የቦንድ ፊልም ላይ ቦንድ በስኪ ሲሸሽ ከኋላው የበረዶ ናዳ የሚለቀቅበት ትዕይንት አለ። ያንን ሲያነሳ ምን ያስብ እንደነበር እሱ ነው የሚያውቀው።

በስቲምቦት ከከተማዋ በላይ ያለው ትልቁ ተራራ ስቶርም ማውንቴን፣ የወጀብ ተራራ፣ ይባል ነበር። ወርነር ከሞተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ በ1965፣ ስሙ ተቀይሮ ማውንት ወርነር ተባለ። የከተማዋ ቤተ መፃሕፍትም በስሙ ይጠራል። ኢንስብሩክ ላይ ብር ያገኘው ቢሊ ኪድ ደግሞ እ.ኤ.አ በ1970 የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ ያሸነፈ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ወንድ ሆነ። በዚያው ዓመት ጓዙን ጠቅልሎ ስቲምቦት ገባ፤ በስኪ ጣቢያው ኃላፊ ሆኖም የካውቦይ ባርኔጣውን ደፍቶ በታላቅ ወንድሙ ስም የተጠራውን ተራራ ከእንግዶች ጋር ሲወርድ ለአስርት ዓመታት ቆየ።